ደቦና ደመወዝ፤ ስለ ክፍት ሶፍትዌር በተጻፉ ሁለት ጽሑፎች ላይ የቀረበ ሂስ

በመከር ወራት ከሮቤ ወደ ጎባ የሚጓዝ ሰው ሁለት ዓይነት አጨዳ ያያል። በሜዳው ስንዴ ላይ ኮምባይነር ይሠራል፤ ባለ ኮምባይነሩ በኩንታል ሒሳብ እየተከፈለው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ያልፋል። መሬቱ ወደ ተራራው ከፍ ሲልና ተዳፋት ሲሆን ግን መኪናው አይገባበትምና ጎረቤት ተጠራርቶ ገብሱን በማጭድ ያጭዳል። ይህ ደቦ ነው። ባለ ማሳው ምግቡንና መጠጡን ያቀርባል እንጂ ደመወዝ አይከፍልም።

ይህን ያነሣነው ስለ እርሻ ለመጻፍ አስበን አይደለም። ባለፉት 40 ዓመታት ያህል በኮምፒዩተር ሥራ ውስጥ ደቦን በጣም የሚመስል የአሠራር ልማድ ተነሥቷል። ይኸውም ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ሶፍትዌር የሚባለው ነው። የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም የተገለጠ ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ ይለውጠዋል፣ ለሌላውም ያካፍለዋል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር ሊረዳው የመጣው ሰው በፈቃዱ የመጣ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የቈጠርነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ የተለየ ሲሆን እንገልጻለን።) ዛሬ ግን በዚሁ ማሳ ላይ ኮምባይነሩ ገብቷል። ታላላቅ ኩባንያዎችና ለጋሽ ድርጅቶች ሠራተኛ እየቀጠሩ ያሠራሉ፤ በሊኑክስም ቢሆን አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በደመወዝ በተቀጠሩ ሰዎች ነው። እንግዲህ ደመወዝ የገባበት ደቦ ደቦ ሆኖ ይቀራልን? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው የሩቅ አገር ሰዎች ጥያቄ ብቻ እንዳይመስለን። በባሌ ደጋ ያሉ ጤና ጣቢያዎች በየወሩ የሚልኩት ሪፖርት፣ ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት እናት በጤና ተቋም ወለደች የሚለው ቍጥር ሁሉ፣ የሚጓዘው በእንዲህ ያለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር የተጻፉትን ሁለት የታወቁ ጽሑፎች ከዚህ ከአካባቢያችን ሆነን ልንመዝናቸው ወደድን።

፩

የመጀመሪያው ጽሑፍ አሜሪካዊው ኤሪክ ሬይመንድ በ1997 በጀርመን አገር በዉርትስቡርግ በተደረገ የሊኑክስ ጉባኤ ላይ ያቀረበው «ካቴድራሉና ባዛሩ» የተባለው ድርሰት ነው። በ1999 ከሌሎች ድርሰቶቹ ጋር በመጽሐፍ ታትሟል። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሶፍትዌር በሁለት መንገድ ይሠራል፤ አንደኛው ጥቂት ሊቃውንት ለብቻቸው ሆነው እንደ ካቴድራል የሚያንጹት ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ሰው እየገባና እየወጣ እንደ ገበያ ግርግር የሚሠራው ነው። ሬይመንድ ሁለተኛውን ያስበልጣል፤ ኮዱን የሚያየው ዓይን ሲበዛ ስሕተቱ ቶሎ ይገኛልና። ደግሞም ጥሩ ፕሮግራም የሚወለደው ጸሐፊው ራሱ ከተቸገረበት ነገር ነው ይላል። በ1998 ባወጣው ተከታይ ድርሰት፣ ፈቃደኛው የሚሠራው በባልንጀሮቹ ዘንድ ስምና ክብር ለማግኘት እንደሆነ አስረዳ። በ1999 ባወጣው በሦስተኛው ደግሞ ኩባንያዎች ኮዱን በነጻ ለቀው፣ አገልግሎቱን በመሸጥ ሊተዳደሩ እንደሚችሉ አሳየ።

ድርሰቱ በዘመኑ ብዙ ሥራ ሠርቷል። የኔትስኬፕ ኩባንያ በ1998 የድር ማሰሻውን ኮድ ለሕዝብ ለመክፈት ሲወስን ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ ድርሰት ነበር። የእኛ ሂስ የድርሰቱን ውለታ ለመካድ አይደለም፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች ይጎድሉታል እንላለን።

አንደኛ፣ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ገበያ የመሸጫና የመግዣ ቦታ ነው። በሮቤ ገበያ የስንዴ ነጋዴ ጆንያውን ለማንም እንዲሁ አይለቅም። ሬይመንድ የገለጸው አሠራር ገበያ ሳይሆን ደቦ ነው። ስሙን ማስተካከላችን ለቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ደቦ ብለን ስንጠራው ገበያ የሚለው ስም የሸፈናቸው ጥያቄዎች ብቅ ይላሉና። ደቦውን የጠራው ማን ነው? ማሳው የማን ነው? የሚያበላስ ማን ነው? የአገራችን ገበሬ ደቦንና ወንፈልን ለይቶ ያውቃል። ደቦ ተጠርቶ በአንድ ቀን የሚመጣ ብዙ ሰው ነው፤ ወንፈል ግን ተራ ያለው ነው፤ ዛሬ የሠራህልኝን ነገ እመልስልሃለሁ የሚል ውል ነው። ሬይመንድ የደቦውን ድምቀት በሚገባ ያየዋል፤ የወንፈሉን ውል ግን አላየውም። የዛሬው ጠብ ሁሉ የሚነሣው ግን ከወንፈሉ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ችግረኛውና ባለ ሙያው አንድ ሰው እንደሆነ አድርጎ ያስባል። ይህ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች መሣሪያ እውነት ሊሆን ይችላል። በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ግን ችግሯን ታውቃለች እንጂ ኮድ አትጽፍም፤ ኮድ የሚጽፈውም በሽተኛ ተሰልፎበት አያውቅም። ችግሩና ሙያው በሁለት ሰው በተከፈለበት ቦታ ሁሉ አንድ ሦስተኛ ሰው ይገባል፤ እሱም ከፋዩ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ደመወዝ ወደ ክፍት ሶፍትዌር የገባው ማኅበሩን ለማበላሸት ሳይሆን፣ ያለ እሱ ሥራው ስለማይጀመር ነው።

ሦስተኛ፣ ዓይን ይበዛል ማለት ዓይን ያያል ማለት አይደለም። ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው ክፍት ሶፍትዌር የዓለምን የኢንተርኔት ምስጢር የሚጠብቅ ቍልፍ ነበር፤ ሆኖም ያቆመው ድርጅት በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2,000 ዶላር ያህል ሲሆን ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሀርትብሊድ የተባለው ስሕተት ከሁለት ዓመት በላይ ተደብቆ ኖሮ በ2014 ሲገለጥ፣ ብዙ ባለጸጋ ኩባንያዎች ደቦውን በልተው ማጭድ ሳይዙ እንደ ኖሩ ታወቀ።

፪

ሁለተኛው ጽሑፍ ዮርን ብሮ፣ ኤሪክ ሞንቴይሮና ሱንዲፕ ሳሃይ በ2004 ኤምአይኤስ ኳርተርሊ በተባለ መጽሔት ያወጡት «የተግባር መረቦች» ነው። ይህ ከሬይመንድ ይልቅ ወደ ደጃችን የቀረበ ነው፤ የተጻፈው በድኻ አገሮች ስላለ የጤና መረጃ ሥርዓት ነውና። የጸሐፊዎቹ አሳብ፣ በአንድ ቦታ ለብቻው የተጀመረ ሥራ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ አብሮ ይሞታል፤ ስለዚህ ቦታዎቹ ልምድና ሙያ የሚለዋወጡበት መረብ ሊኖራቸው ይገባል የሚል ነው። አሳቡ የተወለደው በደቡብ አፍሪካ በ1994 ከተጀመረው የጤና መረጃ ፕሮግራም ነው። ከዚያው ሥራ የወጣው ሁለተኛው ሶፍትዌር ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል፤ የሚመራው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኮዱ በቢኤስዲ ፈቃድ ክፍት ነው፤ ከ80 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ከዋና ከፋዮቹ አንዱ የኖርዌይ መንግሥት የልማት ድርጅት ኖራድ ነው።

በኢትዮጵያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በዚሁ ሥራ ተባብረው ነበር። ኋላ ጤና ሚኒስቴር ሌላ ሥርዓት መረጠ፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ግን ዲኤችአይኤስ 2ን ለአገር አቀፍ ሥራ ተቀበለ። ይህ ታሪክ ጸሐፊዎቹ የተናገሩትን በከፊል ያረጋግጣል፤ መረቡ ስለነበረ የተቋረጠው እንደገና ሊቀጠል ቻለ። ነገር ግን ጽሑፉ በቂ ሳያነሣ ያለፈው ነገር አለ። መረብ ማዕከል አለው፤ ማዕከሉም ቦርሳ አለው። ከቦርሳው አጠገብ ያለ ጫፍና ከቦርሳው የራቀ ጫፍ እኩል አይሰሙም።

ለዚህ ከዘመን አቈጣጠራችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። የጤና ጣቢያዎቻችን ሪፖርት የሚዘጋው በኢትዮጵያ ወር ነው፤ ያም ወር ከ21 ጀምሮ እስከ ሚቀጥለው ወር 20 ድረስ ይቈጠራል። የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዓመቱ 13 ወር አለው። ሶፍትዌሩ የተጸነሰው ግን 12 ወር ላለው ዓመት ነው። ጳጉሜን በየትኛው ወር ሪፖርት ትግባ? የሩብ ዓመቱ ድምር ከየት ይጀምር? ይህ በኦስሎ ላለ መሐንዲስ ከሺህ ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ በሮቤ ላለ የጤና መረጃ ሠራተኛ ግን የወሩ ጥያቄ ሁሉ ነው። ሶፍትዌሩ ዛሬ ከሚቀበላቸው የዘመን አቈጣጠሮች መካከል የኢትዮጵያና የኔፓል ይገኙባቸዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አንድ አቈጣጠር በዝርዝሩ ላይ መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ሥዕላዊ ሰንጠረዥና እያንዳንዱ አዲስ ቅጽ ሲወጣ አቈጣጠሩ አብሮ መሥራቱን የሚፈትን ሰው መኖሩ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ይከፈልበታል፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋል።

በሮቤና በጎባ መካከል ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የምትሠራ የመረጃ ሠራተኛ አነጋግረን ነበር። ኮዱ ለማንም ክፍት እንደሆነ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ቢፈልግ ሊለውጠው እንደሚችል ነገርናት። «ክፍት መሆኑን ዛሬ ከእናንተ ሰማሁ» አለችን፤ «እኔ የማውቀው ወሩ በ20 እንደሚዘጋ ነው። ቅጹ ላይ የሚጎድል ነገር ባገኝ ለወረዳ እናገራለሁ፤ ወረዳ ለዞን ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ አላውቅም።» ይህች ሠራተኛ የተናገረችው የጽሑፋችን ፍሬ ነው። በሕግ የተሰጣት ነጻነት በእጇ አልገባም። በእሷና በኮዱ መካከል ያለው መንገድ የቢሮ መንገድ ነው፤ በመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለውም ሰው ደመወዙን የሚቀበለው ከሌላ ነው።

ኩባንያ ሲሆንስ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በስልክ የሚጠቀሙበት ሥርዓት መጀመሪያ የታነጸው ኮምኬር በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው። የሠራው ዲማጊ የተባለ በ2002 የተቋቋመ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ኩባንያው የሚኖረው ግን አገልግሎቱን በመሸጥ ነው። በዚህ ነውር የለም፤ ሬይመንድ በ1999 የተናገረው መንገድ ይኸው ነውና። ነገር ግን ክፍት ኮድ ሙያው ከሌለ፣ ደወል ተደውሎ የበሩ ቍልፍ በሌላ ሰው ኪስ እንደሚገኝበት ቤት ነው።

የዚህ ሁሉ መከራ በ2025 ተገለጠ። በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አቆመ፤ ዩኤስኤአይዲ በሐምሌ 1 ቀን 2025 ሥራውን ጨረሰ። በብዙ የአፍሪካ አገሮች በዚያ ገንዘብ ይኖሩ የነበሩ የጤና መረጃ ሥራዎች በአንድ ሌሊት ባለሙያ አጡ። ኮዱ አልጠፋም፤ ክፍት ስለሆነ ማንም ሊወስደው አይችልም። የጠፋው ኮዱን የሚያውቀው ሰው ነው። ክፍት ፈቃድ ኮዱን ከሞት ይጠብቀዋል፤ ዕውቀቱን ግን አይጠብቀውም። ጸሐፊዎቹ በ2004 የፈሩት ሞት ይህ ነበር፤ መረብ ብቻውን ግን አላስቀረውም፤ የመረቡ ክር ራሱ በዚያው ገንዘብ የተገመደ ነበርና።

፫

እስከ አሁን የተናገርነውን ሰምቶ ከፋዮችን የምንጠላ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲህ አይደለም። በሲናና ወረዳ ያነጋገርናቸው አንድ አረጋዊ ገበሬ ስለ ኮምባይነር ስንጠይቃቸው፣ «ዝናብ ሳይመጣ ስንዴዬን ያገባልኛል፤ እንዴት እጠላዋለሁ?» አሉን። ቀጥለው ግን «ተራውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አሉ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ በሁለቱም ጽሑፎች ውስጥ አላነበብንም።

ደመወዝ የሚያድንበትን ምሳሌ እንስጥ። በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለ ትንሽ ሶፍትዌር ውስጥ የተንኰል በር ተገኘ። ሥራውን ለዓመታት የጠበቀው አንድ የደከመ ፈቃደኛ ነበር፤ ረዳት መስሎ የመጣ ሰው ሁለት ዓመት ያህል እምነቱን ሲገዛ ቈይቶ ተንኰሉን አስገባ። ተንኰሉን ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ተቀጣሪ መሐንዲስ ነው፤ ወደ አንድ ኮምፒዩተር መግባት ግማሽ ሰኮንድ ያህል ስለዘገየበት ጠርጥሮ መረመረ። ኮዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ ሊመረምረው አይችልም ነበር፤ ደመወዝ ባይኖረው ኖሮ ጊዜው አይኖረውም ነበር። ፈቃደኝነትን ብቻ የሚያወድሱ፣ የደከመውን ፈቃደኛ ማን እንደሚያሳርፈው ሊነግሩን ይገባል።

ደመወዝ የሚያጠፋበትንም እንስጥ። ሀሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ በነሐሴ 2023፣ የሬዲስ ኩባንያም በመጋቢት 2024 ብዙ ሰው የደከመበትን ክፍት ኮድ ፈቃድ አጠበቡት። ምክንያታቸው ታላላቆቹ ባለ ደመናዎች ሥራችንን ሸጠው ምንም አይመልሱልንም የሚል ነበር። ምክንያቱ ባዶ አይደለም፤ የወንፈል መፍረስ ነው። ነገር ግን ወንፈል ስላፈረሰ ባለጸጋ ተቈጥቶ ማሳውን ያጠረ ሰው አጥሩን የሚሠራው በድኻውም ላይ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሠራተኞቹ የቀድሞውን ክፍት ኮድ ይዘው ወጡ፤ ኦፕንቶፉና ቫልኪ የተባሉ አዲስ ሥራዎች በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ተቋቋሙ። በዚህ ጊዜ ግን ኮዱን ከነጕልበቱ ተሸክመው የወጡት በአብዛኛው የሌሎች ኩባንያዎች ተቀጣሪዎች ነበሩ። ለመሸሽ ጕልበት ያስፈልጋል፤ ለእኛ ዓይነቱ አገር መብቱ ተጽፎ ቢገኝም ጕልበቱ ገና ነው።

የራሳችን ፊደል ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የሚሸጡ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የፊደል ቍጥር ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ በኋላ ግን ቍጥሩ የጋራ ሆነ። ዛሬ አቢሲኒካ ኤስአይኤልና በጉግል ገንዘብ የተሠራው ኖቶ የተባሉት የፊደል ቅርጾች ለሁሉ በነጻ ይገኛሉ። እዚህ ላይ ኩባንያ ከፈለ፤ ምርቱም በጋራው ጎተራ ገባ። ለምን በጎ ሆነ? መሠረቱ የሁሉ ከሆነ በኋላ የተከፈለበት ሥራ ስለሆነ፣ ከፋዩ ነገ ቢሄድ ፊደሉን ይዞ ሊሄድ ስለማይችል ነው።

፬

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ሬይመንድ ገንዘብን እንደ ጎን ጕዳይ አየው፤ ብሮና ባልንጀሮቹ ደግሞ የገንዘብን ማለቅ ፈሩ እንጂ የገንዘብን ዳኝነት በሚገባ አልመረመሩም። በእኛ አስተያየት ክርክሩ ተከፋይ ይሻላል ወይስ ፈቃደኛ በሚል ሊቆም አይገባውም። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። ተራውን የሚወስነው ማን ነው? ከፋዩ ሲሄድ ሙያው ከማን ጋር ይቀራል? ከዚህ የተወሰደው በምን መልክ ወደዚህ ይመለሳል? ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሥራ ደመወዝ ቢገባበትም ደቦ ነው። መልስ የሌለው ሥራ ግን ሁሉም በፈቃዱ ቢሠራበትም የሌላ ሰው ማሳ ነው።

ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገር እናሳስባለን። የመጀመሪያው ለሚዋዋሉት ነው። መንግሥት በክፍት ሶፍትዌር ላይ ሥራ ሲያሠራ ውሉ ኮዱ ክፍት ይሁን በሚል ብቻ ማለቅ የለበትም፤ ለእኛ ተብሎ የተለወጠው ሁሉ ወደ ዋናው ኮድ እንዲመለስ፣ ሥራውንም ከፋዩ ከሄደ በኋላ ሊይዙት የሚችሉ የአገር ሰዎች አብረው እንዲሠሩ ማስገደድ አለበት። ወደ ዋናው ያልተመለሰ ለውጥ በሚቀጥለው እትም ይፈርሳልና።

ሁለተኛው ለራሳችን ነው። በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በጎባ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ነው። ችግሩን የምታውቀው ሠራተኛና ኮድ የሚማረው ተማሪ በዚህ አገር እንደዚህ የተቀራረቡበት ቦታ ጥቂት ነው። ሆኖም በየዓመቱ ለመመረቂያ የሚጻፈው ፕሮግራም ተፈትኖ፣ ነጥብ ተሰጥቶበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እኛም የዚህ ልማድ ተካፋዮች ነን። አንድ ተማሪ አዲስ ፕሮግራም ከመፍጠር ይልቅ ጳጉሜን የምታጠፋውን አንድ ስሕተት አርሞ ወደ ዋናው ኮድ ቢያስገባ፣ ለመመረቂያ ሥራ ሊቈጠርለት ይገባል እንላለን። መምህራኖቻችን በዚህ ላይ አሳባቸውን እንዲሰጡን እንጠይቃለን።

ደቦ የሚጠራው ሰው አስቀድሞ ማጭዱን ይስላል። ባዶ እጁን ቆሞ ሌላውን የሚጠራ ባለ ማሳ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣለት አያገኝም።